ክላይድ ያለበት ባልዲ

የአክስቴ ልጅ ማፑዋና ዕድሜዋን ሙሉ በደሴታችን፣ በመንደራችን በናናኩሊ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሩዝ ስትጨልፍ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ፖሊስ የሆነውም፣ ፖሊስ የሚያሳድደውም ከእሷ እጅ በልተው ነው ያደጉት። ሁለቱም መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ሰበር አድርገው "ደህና ዋልሽ አክስቴ" ይሏታል። ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳህኑን ሳይጨርስ ሊነሳ የሞከረ ልጅ ጆሮው በሰላም አይተርፍም ነበርና ያንን ስለማይረሱ ነው።

እንደ ሌላው ሰው በሳንቃ ማዕበል ላይ ወጥታ ተንሸራታ አታውቅም። ባህሩ ከቤቷ መንገድ ማዶ ነው፤ ባሏ ክላይድና ዋርሳዋ ሌስሊ ወጣትነታቸውን እዚያ ጨርሰውታል። እሷ ግን ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እንዲደርስባት አትፈቅድም። "ዓሣ ካማረኝ ገበያ አለ" ትላለች። ይሁን እንጂ ክላይድ በመኪና መጠለያው ሥር በሠራቸው የማዕበል ሳንቃዎች ሁሉ ላይ የእሷ እጅ አለበት። እሱ ፎሙን ልጎ ቅርጽ ያወጣለታል፣ ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ ያለብሰዋል። እሷ ደግሞ ሙጫውን ባልዲ ውስጥ ትቀዳለች፣ ማጠንከሪያውን ታንጠባጥብበታለች፣ በአሮጌ የእንጨት ሩዝ ማንኪያ ታማስለዋለች።

ሲያዩት ቀላል ነው። ሙጫው ወፍራም ነው፣ ማጠንከሪያው እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ጠብታው ካነሰ ሳንቃው ለሳምንታት እጅ ላይ ሲጣበቅ ይከርማል። ከበዛ ደግሞ ሙጫው ገና ባልዲው ውስጥ እያለ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ድንጋይ ይሆናል። ፀሐይ ስትከር ይቀነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨመራል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መግባት አለመግባቱን በዓይን መለየት የሚችል ሰው አልተወለደም። ለዚህ ነው ክላይድ ደንብ ያወጣው። ማጠንከሪያውን የጨመረ ሰው ጮክ ብሎ "ገባ!" ይላል፤ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ "ገባ!" ብሎ ይመልሳል። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ከሙጫ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ግን ቤቴ ከእነሱ ፊት ለፊት ስለሆነ በረንዳዬ ላይ ቢራዬን ይዤ ስንት ጊዜ "ገባ!" እያልኩ እንደመለስኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ኢዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ጣራችንን በነቀለ በዓመቱ ክላይድ ሳንባውን ታመመ። የመጨረሻዋን ሳንቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በየመሃሉ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው የላጋት። ጨርቅ ሳያለብሳት ሆኖሉሉ ሆስፒታል ገባ። ሆስፒታል ሆኖም ቀልዱን አልተወም። "ስሞት አቃጥላችሁ ባህር ላይ ብትበትኑኝ ማዕበሉ ጃፓን ያደርሰኛል። እኔ ደግሞ ከማካሃ ባህራችን መውጣት አልፈልግም። ማፑ፣ ከአመዴ ጥቂት ያዢና ሳንቃዋን ስትጨርሷት ሙጫው ውስጥ ጨምሪኝ" አላት። እሷ "ዝም በል፣ ሟርተኛ" ብላ ትራሱን አስተካከለችለት።

ከዚያ ያቺ ጠዋት መጣች። ማፑዋና እንደ ልማዷ ሩዝና እንቁላል በፎጣ ጠቅልላ፣ ከናናኩሊ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳ ክፍሉ ስትገባ አልጋው ባዶ ነው። ሞተ ብላ ጮኸች። ነርሶቹም አያውቁም፣ እነሱም መሯሯጥ ጀመሩ። ለካ ሌስሊ ጎህ ሳይቀድ ወንድሙን በጀርባ በር አውጥቶ፣ በፒክአፕ ጭኖ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ማዕበል ላይ ሊያወጣው ማካሃ ወስዶት ኖሯል። የመለሰው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ክላይድ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጆሮው ውስጥ አሸዋ አለ፣ እየሳቀ ነው። ሩዙ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ ከአልጋው አልተነሳም፤ ሳምንትም አልቆየ።

አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት በስንብቱ ላይ ማፑዋና ሌስሊን በሰው ፊት "ወንድምህን አንተ ነህ የገደልከው። ከእንግዲህ ስምህን አልጠራም" አለችው። ሌስሊ ይመልሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እሱም ከዚያ ወዲህ ዘጋት። ቤታቸው በአንድ አጥር የተያያዘ ነው፤ የእሱ ዶሮዎች የእሷን ጎመን ይበላሉ፤ እነሱ ግን በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። "ሄርማን፣ ዶሮዎችህን ሰብስብ በለው።" "ሄርማን፣ አጥርሽን አጥብቂ በላት።" ሁለቱም አጠገቤ ቆመው እኮ ነው! መሃል ቆሜ ግራና ቀኝ ስዞር የአንገቴ ጅማት አለቀ። ሞኝ ነኝ እንጂ ሁለቱንም እዚያው ትቼ መሄድ ነበረብኝ።

ከአመዱ አብዛኛውን ባህሩ ላይ በተንነው። ጥቂቱን ማፑዋና በዱቄት ወንፊት ነፍታ በማዮኔዝ ጠርሙስ አስቀመጠችው። ሳንቃዋ አንሶላ ለብሳ መጠለያው ሥር ከረመች። ማፑዋና ሙጫ መበጥበጥ ትችላለች፤ ሙጫውን ጨርቁ ላይ በላስቲክ መጥረጊያ እየገፉ ማልበስ ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ከክላይድ ሌላ ያንን እጅ ያለው ሌስሊ ብቻ ነው። ይህን አምና ተቀብላ እስክትጠራኝ ድረስ ስንት ጊዜ ምራቋን እንደዋጠች እሷ ታውቃለች።

"ለሰውዬው ንገረው" አለችኝ። "ቅዳሜ ሳንቃውን እንጨርሳለን። እሱ ያልብስ። መበጥበጡ የእኔ ነው።"

ሄጄ ነገርኩት። ሌስሊ መረቡን እየጠገነ ነበር፣ ቀና አላለም። "መበጥበጡ የእሷ ነው በላት። የእሷ ባል ነው፣ ትበጥብጠው" አለኝ። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጣጣ ሁሉ ያመጣችው ይህች "መበጥበጥ" የምትባል ቃል ናት። ለማፑዋና መበጥበጥ ማለት ማጠንከሪያውንም ማንጠባጠብ ነው፤ ከባሏ ጋር ስትሠራ እንደዚያ ነበራ። ለሌስሊ ደግሞ መበጥበጥ ማለት ማማሰል ብቻ ነው። ማጠንከሪያውን የሚጨምረው የሚያለብሰው ሰው ነው፣ የእጁን ፍጥነት የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። እሱም ከክላይድ ጋር ሲሠራ ልማዱ ያ ነበር። ክላይድ ከሁለቱም ጋር በየልማዳቸው ሠርቶ፣ ለአንዳቸውም ስለሌላው ሳይነግር ሞተ።

ቅዳሜ ኮና የምንለው ሙቅ ንፋስ ከደቡብ ገብቶ ነበር። አየሩ ይጨፈግጋል፣ ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ለሙጫ እንዲህ ያለ ቀን መጥፎ ነው፤ ቶሎ ያግለዋል። ሌላ ቀን እናድርገው ልል ነበር። ግን ማፑዋና ጭንብሏን አጥልቃለች፣ ሌስሊ ጨርቁን ዘርግቶ ጠርዙን ቆርጧል። ሁለቱም ጀርባቸውን ተሰጣጥተው በየፊናቸው ይሠራሉ። "ተዉት" ብል ሁለቱም በእኔ ላይ እንደሚዞሩ ስለማውቅ አፌን ዘጋሁ።

ንፋሱ አቧራ ማንሳት ሲጀምር ሌስሊ የመጠለያውን መጋረጃ ሸራ እንድናወርደው በእጁ ምልክት ሰጠኝና ወጣን። ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ለየብቻ ነው የሰማሁት። እኛ ሸራውን ስናወርድ ማፑዋና ማጠንከሪያውን አንጠባጠበች፤ ለሙቀቱ ብላ ቀነስ አድርጋ። አማሰለች። "ገባ!" ማለት ነበረባት። ግን ብትል ሌስሊን ማናገር ሊሆንባት ነው፤ ዋጠችው። የማዮኔዙን ጠርሙስ ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። እኔ ገመዱን ሳስር ሌስሊ ተመለሰ፤ ባልዲው አለ፣ ማጠንከሪያው አጠገቡ አለ፣ ሴትዮዋ የለችም። ልታለቅስ ገባች ብሎ አሰበ። እሱም ለሙቀቱ ብሎ ቀነስ አድርጎ አንጠባጠበ። እሱም "ገባ!" አላለም። ለማን ይበል?

ስገባ ማፑዋና ጠርሙሱን ከፍታ ቆማ ነበር። አመዱን ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ነጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ግራጫ ነው፤ ሙጫው ውስጥ ሲገባ ጠቆረ። በሩዝ ማንኪያው አማሰለችው። ጠርሙሱን ጎኑን እየመታች የቀረችውንም አራገፈች። ክላይድን ያህል ሰውዬ፣ አንዲት ጭብጥ ሆኖ ባልዲ ውስጥ ሲዞር ማየት ቀላል አይደለም።

ከዚያ እጇ ቆመ። ባልዲውን በመዳፏ ያዘችው። ሌላውን ጎኑን ያዘችው። የወጥ ቤት ሴት ናት፣ መዳፏ ሙቀት ያውቃል።

"ሄርማን" አለች፣ ድምጿ ተቀይሮ። "ጠይቀው። ጠርሙሱን ነክቶታል?"

"የትኛውን ጠርሙስ?" አልኩ እኔ ሞኙ።

"የማጠንከሪያውን! ጠይቀው አልኩህ!"

ሌስሊ ከሳንቃው ማዶ ላስቲኩን ይዞ ቆሟል። ሰምቷል፤ ከክንድ ርቀት ብዙ አይበልጥም። እኔ ግን ዞርኩና "ማጠንከሪያውን ነክተሃል ወይ ነው የምትልህ" አልኩት።

"የራሴን ሥራ ሠርቻለሁ በላት።"

"የራሱን ሥራ..." ብዬ ስጀምር ከባልዲው ላይ ቀጭን ጭስ ሲነሳ አየሁ። ሽታው አፍንጫዬን መታው።

"ሌስሊ!" ብላ ጮኸች። "አንተ ደግሞ አደረግክበት እንዴ?"

"አዎ! አንቺም?"

"አዎ!"

እንዲህ ነው ዝምታው ያለቀው። ሌስሊ ሳንቃውን ዞሮ ሳይሆን በላዩ ተሻግሮ ነው የመጣው። "አፍስሺው! አሁን! ቀጭን ሆኖ ይዘርጋ፣ ከተከማቸ ይነዳል!" ባልዲውን ባንድነት ገለበጡት። ሙጫው እንደ ወትሮው አልፈሰሰም፣ እየተጎተተ ወረደ። ሌስሊ ላስቲኩን ከመሃል ወደ ሳንቃው አፍንጫ ገፋ፣ መለሰ፣ ወደ ጭራው ገፋ። ማፑዋና በሩዝ ማንኪያዋ ከማዶ ትስባለች።

"ወደ ጭራው፣ ወደ ጭራው! ጠርዙን ተይው!"

"ጠርዙ ላይ እኮ ተጠራቅሟል!"

"ጠርዙ ይሙት አልኩሽ! ደረቱን ያዢ!"

"አትጩህብኝ!"

"አንቺ ነሽ የምትጮሂው!"

እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የሸራውን ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሙጫው በዓይኔ ፊት ሲረጋ ይታያል፤ ላስቲኩ ያለፈበት መስመር አይጠፋም፣ እንደ ተቀመጠ አጥሚት ተሰንጥቆ ይቀራል። ጨርቁ ሥር ያለው ፎም ነጭነቱ ጠፋ፣ ግራጫ ሆነ። ክላይድ ተዘረጋ ማለት ነው። አብዛኛው። ባልዲው ሥር ግን የቀረ አለ፣ አሁን ጭሱ ወፍሯል፣ ፕላስቲኩ ጎኑ እየሟሸሸ ነው።

"ጣይው!" አለ ሌስሊ። "ግቢ ወርውሪው፣ ይነዳል!" ማንም ሙጫ የሚሠራ ሰው እንዲህ ይላል፣ የሚጨስ ባልዲ ይወረወራል፤ ልማድ ነው የተናገረው።

ማፑዋና ቀና ብላ አየችው። "ክላይድን ነው የምጥለው?"

እጇን ሰደደች። ጓንቷ ስስ ነው፣ የወጥ ቤት ጓንት። የቀረውን ከሥሩ ጠርጋ አወጣችው፤ ጓጉሎ፣ ጠቁሮ፣ እየጨሰ፤ ሳንቃው መሃል ላይ በጥፊ ለጠፈችው። ሌስሊ ላስቲኩን ሊያሳርፍበት ሲደርስ ረግቷል። አንዴ ገፋው፣ አልሄደም። ሁለተኛ አልሞከረም። ያን ጊዜ ነው ማፑዋና የጮኸችው። ጓንቱ እጇ ላይ ተጣብቋል።

ሌስሊ ክንዷን ይዞ እየጎተተ ግቢ ቧንቧ ሥር ወሰዳት። ውሃውን ከፍቶ እጇን ሥሩ ይዞ፣ ጓንቱን ጣት በጣት ቀስ እያለ ላጠው። "ቆይ፣ ቆይ፣ እህቴ፣ አታንቀሳቅሺው" ይላል። እሷ በቀረው እጇ ትከሻውን ትደበድበዋለች። ስለቃጠሎው ይሁን ስለ ክላይድ አላውቅም። እሱም ይደበደባል። ከጀርባቸው ባዶው ባልዲ ኮንክሪቱ ላይ እየተጨማደደ ይጨሳል። ውሃ ደፋሁበት። በዚያ ቀን የሠራሁት ጠቃሚ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌስሊ የማለስለሻ ማሽኑን ይዞ መጣ። ማፑዋና እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳንቃውን ታየዋለች። እውነት ለመናገር አላማረም። ግራጫው ቦታ ቦታ ተጠራቅሟል፣ አንዱ ጠርዝ ተጨማድዷል፤ መሃል ላይ ደግሞ ያ በመዳፏ የለጠፈችው ጉብታ የጣቶቿን ፈለግ እንደያዘ ደርቋል። ሌስሊ ማሽኑን ሶኬት ውስጥ ሰካው። አላስነሳውም። ቆመ።

"ማፑ" አለ።

"ምን?"

"የዚያን ቀን ያረፈድነው በእኔ ነው።"

እኔ ልነሳ አልኩ፤ በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ።

"እሱ ገና አንድ ማዕበል ይዞ ሲወጣ 'በቃኝ፣ መልሰኝ፣ ማፑ ቁርስ ይዛ ትመጣለች፣ ካጣችኝ ትደነግጣለች' አለኝ። እኔ ነኝ አንድ እንጨምር ያልኩት። ጨመርን። ደግሞ አንድ አልኩት። ጥርሱ በብርድ ሲንገጫገጭ እየሰማሁ 'ይቺን ብቻ' እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ አብረን እንደማንወጣ አውቄ ነበር። መልቀቅ አቃተኝ፣ ማፑ። እሱ ወደ አንቺ መመለስ ነበር የፈለገው።"

ድምፁ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ኩርፊያ ትዕቢት መስሎኝ ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካ ፊቷን ማየት ነው ያቃተው። ማፑዋና ተነሳች። ትመታዋለች ብዬ ልይዛት ተዘጋጀሁ። ሳንቃው ጋ ሄዳ ደህናውን እጇን ጉብታው ላይ አሳረፈች።

"ይሄን እንዳትነካው" አለች።

"ማፑ፣ ደረት የሚያርፍበት ቦታ እኮ ነው። ተኝቶ የሚቀዝፍ ሰው ጎድኑን ይበላዋል።"

"የሚቀዝፈው ማነው?"

ሌስሊ እርሳሱን ከኪሱ አወጣ። "እኔ" አለ።

"እኮ። ይብላህ።"

ማሽኑን አስነስቶ ዙሪያውን ብቻ አለሰለሰው። ጭራውን፣ ጠርዙን፣ አፍንጫውን ብርጭቆ አስመሰለው፤ ጉብታውን በእርሳስ ከቦ ተወው። ዛሬ ሌስሊ በዚያ ሳንቃ ነው የሚወጣው። ማዕበል ላይ የሚወጡት ሌሎቹ ጉብታው ምን እንደሆነ እያወቁም "የግመል ሳንቃ" እያሉ ያሾፉበታል። እሑድ ከባህር ሲወጣ በቀጥታ ወደ ማፑዋና ቤት ይሄዳል። ሸሚዙን ሳይለብስ በሩ ላይ ይቆማል፤ ግራ ጎድኑ ላይ ጡጫ የምታህል ሰማያዊ ሰንበር አለች።

"ዛሬም ይጫናል?" ትለዋለች ምድጃው ጋ እንደቆመች።

"ይጫናል።"

"ጥሩ" ትላለች። "ግባና ተቀመጥ፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።"